በደም የሚወረስ፣ በጫማ የሚቀር

 የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከአዲስ አበባው የሀና ማርያም ሰፈር የደረሰን ጥያቄ ነው። ጠያቂያችን እናት ናቸው። ልጃቸው ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። ነገሩ ሊያልቅ ሲል ከዘመድ አንዱ የልጅቱ አባት እግራቸው ዝሆኔ መሆኑን ሰምቶ መጣና “ይሄ እኮ ዘር ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል” አለ። ሰውየው ምሥራቅ ጎጃም ተወልደው በእርሻ ያደጉ ናቸው፤ አዲስ አበባ የገቡት በጎልማሳነታቸው ነው። እናትየው ግራ ገባቸውና “እውነት በደም ይወረሳል? ልጅቷን ወድጃታለሁ፤ ግን የልጅ ልጆቼን እግር ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ” ብለው ጻፉልን።

እናታችን፣ ለጥያቄዎ ሁለት መልስ አለ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። አንደኛው፦ አዎ፣ ለዝሆኔ ተጋላጭ መሆን በከፊል ይወረሳል። ይህንንም ያሳየው እዚሁ አገራችን፣ ወላይታ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። ሁለተኛው፦ የልጅ ልጆችዎ ሀና ማርያም ተወልደው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ አድርገው ካደጉ፣ እግራችን ያብጣል ብለው የሚሰጉበት ምክንያት የለም። ሁለቱ መልሶች አብረው የሚቆሙት እንዴት እንደሆነ ነው ዛሬ የማወጋችሁ። በዚያው መንገድ መድኃኒት ቤትም፣ ኤምባሲም ደርሰን እንመለሳለን።

መጀመሪያ በሽታውን እንለየው፤ እግር የሚያሳብጥ በሽታ አንድ ብቻ አይደለምና። በቆላው አካባቢ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጥገኛ ትል የሚያመጣው አለ። የምሥራቅ ጎጃሙና የወላይታው የደጋ ዝሆኔ ግን ትልም ትንኝም የለበትም። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። መንስኤው አፈር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለ፣ ዝናብም በሚበዛበት አገር፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ለዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች ይዟል። ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው ቆዳ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያም ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣሉ። ቱቦዎቹ ሲደፈኑ ፈሳሹ እታች ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም አርነስት ፕራይስ ነው ይህን መርምሮ ያስረዳው። ዛሬ በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው ይገመታል።

አንድ ነገር ግን ለፕራይስም፣ ከእሱ በኋላ ለመጡትም እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር። መንደሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ሁሉም ባዶ እግሩን ነው የሚያርሰው፤ የሚታመመው ግን ጥቂቱ ነው። ያ ጥቂትም በተወሰኑ ቤቶች ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የወላይታ ጥናት፣ ታማሚ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳየ። ስለዚህ የሀና ማርያሟ እናት ዘመድ ያወራው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። አገሬው ዓይን አለው፤ በሽታው በቤተሰብ ሲደጋገም አይቷል።

ታዲያ የሚወረሰው ምንድን ነው? በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። በእነሱ ላይ የተጻፈው ዲኤንኤ አንዱ ወገን ብቻ ሲቆጠር ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ፕሮቲን የመሥራት ትእዛዝ የያዙት ዘረመሎች 20,000 ገደማ ናቸው። በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ኤችኤልኤ የሚባሉ ዘረመሎች ተቀምጠዋል፤ ሥራቸው እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ወደ ሰውነት የገባውን ባዕድ ነገር ቁራጭ ይዘው ለበሽታ መከላከያ ሕዋሳት “ይሄን እዩልኝ” ይላሉ። ዘበኛ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ የሚያሳልፈውን ሌላው ጮኾ ሰፈር ይሰበስብበታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ከወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ወስደው ዲኤንኤያቸውን ከዳር እስከ ዳር አነጻጸሩ። በታማሚዎቹና በጤነኞቹ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት የታየው እዚያው የኤችኤልኤ ሰፈር ላይ ነው። ውጤቱ በታወቀው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ታተመ። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት፣ አንዳንዱ ሰው የሚወርሰው ኤችኤልኤ ለአፈሩ ቅንጣት የሚሰጠው መልስ ከልክ ያለፈ ቁጣ ነው፤ ቱቦውን የሚያበላሸውም ያ ቁጣ ነው።

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። የ2007ቱ ጥናት የውርስ ድርሻው 63 በመቶ ነው ብሏል። ይህ ቁጥር ከአንድ አፍ ወደ ሌላ ሲሄድ “ከመቶ ልጅ 63ቱ ይታመማል” ሆኖ ይደርሳል። እንዲያ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለዚያ ሕዝብ ነው፤ በዚያ አፈር፣ በዚያ ኑሮ፣ በአብዛኛው በባዶ እግር። እነዚህ ሰዎች ለበሽታው ባላቸው ተጋላጭነት ከሚለያዩበት ውስጥ ምን ያህሉ ከውርስ ይመጣል ለሚለው ነው መልሱ። አፈሩን ከእግሩ ብታርቁት ዘረመሉ እዚያው ይቀመጣል፤ የሚቆጣበት ነገር ግን አያገኝም። የልጅቷ ልጆች ያን ዘረመል ሊወርሱ ይችላሉ። በሽታውን ግን የሚያመጣው ዘረመሉ ብቻውን ሳይሆን ከቀዩ አፈር ጋር ለዓመታት ሲገናኝ ነው፤ ጫማ ያደረገ ልጅ ደግሞ ከአፈሩ ጋር አይገናኝም።

ስለ አባትየውም አንድ ቃል። ይህ በሽታ “ምን ይደረግ” ተብሎ የሚተው አይደለም። እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሕክምና ሙከራ፣ እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ ማድረግና ካልሲና ጫማ ማዘውተር ምች መታኝ የሚያሰኘውን ትኩሳትና ቁርጥማት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኚህ ሰው ዛሬ ከአፈሩ ቢርቁም ሕክምናው ያስፈልጋቸዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። በአማራው አገር ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ካለ ይቀራል። ይህን ልማድ በዘረመል ዓይን ስታዩት ጥበብ አለበት። የአክስትና የአጎት ልጆች በአማካይ ከዲኤንኤያቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ። ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል ሲደርስ ብቻ የሚወጡ በሽታዎች አሉና፣ ቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ ልጃቸው ላይ የመገናኘታቸው ዕድል ይጨምራል። ሰባት ቤት ከተራቀ በኋላ ይህ ሥጋት ከማንኛውም ባዕድ ጋር ከመጋባት ብዙም አይለይም። አባቶቻችን ስለ ዲኤንኤ ሳይሰሙ ያወጡት ሕግ ነው።

ግን ያው አጥንት ቆጠራ ሌላም ሥራ ይሠራል። “ቤታቸው ዝሆኔ አለ”፣ “ቤታቸው ቀጥቃጭ ነው” እየተባለ ሰው የሚቀርበትም በዚያው ቆጠራ ነው። የወላይታው ጥናት ሊጀመር ሲል ተመራማሪዎቹ የገጠማቸው ይኸው ነበር። ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ነዋሪውን አነጋገሩ። ሰዎቹ ከመርፌው ይልቅ የሚፈሩት ወሬውን ሆኖ ተገኘ። በሽታው በዘር እንደሚመጣ በጥናት ከተነገረ፣ በሹክሹክታ የነበረው መገለል የአደባባይ ይሆናል አሉ፤ ሴት ልጃችንን ማን ያገባታል አሉ። የፈሩት አልቀረም፤ ይኸው ከሀና ማርያም ጥያቄው መጣ። ወላይታ ላይ ከዚያ በኋላ በተሠሩ ጥናቶች የጤና አስተማሪዎች የተማሩት፣ የውርሱን ነገር ደብቆ “አፈር ብቻ ነው” ማለት እንደማያዋጣ ነው፤ ሰው በዓይኑ ያየውን ስትክዱት ጫማ አድርጉ ማለታችሁንም አይቀበላችሁም። ውርሱንም አፈሩንም አብሮ መናገር ይሻላል። እኔም ዛሬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የዘረመል ግኝት መድኃኒት ቤት ሲደርስና ሽማግሌ ፊት ሲደርስ አንድ ሥራ አይሠራም። የመጀመሪያውን መንገድ የሚያሳይ፣ የእኛው የሆነ ታሪክ አለ፤ ብዙ ሰው አልሰማውም።

ኮዴይን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለሕመም ማስታገሻና ለሳል በዓለም ዙሪያ ሲታዘዝ የኖረ። ኮዴይን ራሱ ሕመም የማስታገስ አቅሙ ትንሽ ነው። ጉበት ውስጥ ሲ-ዋይ-ፒ-2-ዲ-6 የሚባል ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሥራውን የሚሠራው። ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል በአብዛኛው ሰው ላይ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ ነው። አንዳንዱ ሰው ግን በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ ይዞ ይወለዳል። እንዲህ ያለ ሰው መደበኛውን መጠን ሲወስድ ሰውነቱ ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ያመርታል። እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ከከፋም ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ በተለይ በሕፃን ላይ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኢሌኒ አክሊሉና ስዊድን ያሉ የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ባልደረቦቿ 122 ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን መርምረው አንድ ጥናት አወጡ። ከመቶው 29 ያህሉ ይህን ዘረመል በብዙ ቅጂ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን መካከል የሚገኘው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ለምን እኛ ዘንድ እንዲህ በዛ? አንዳንድ ተመራማሪዎች የሚሰጡት መላምት አለ፦ አያቶቻችን በችግር ዘመን መራራና መርዛማነት ያላቸውን ዕፅዋት ሲበሉ፣ መርዙን ቶሎ የሚያከስም ኢንዛይም በብዛት ያለው ሰው ተርፎ ይሆናል የሚል። ያማረ መላምት ነው፤ ከመላምትነት ግን አላለፈም።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ተከታዩ ጥናት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸሩ። ዘረመሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አገር ቤት ያሉት ላይ ኢንዛይሙ ዘገም ብሎ ሲሠራ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በምክንያትነት የጠረጠሩት አመጋገብንና አካባቢን ነው። አንድ ዘረመል፣ ሁለት ገበታ፣ ሁለት ውጤት። ዝሆኔ ላይ ያየነው ነገር ጉበት ውስጥም ተደገመ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በወቅቱ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ይህንኑ የዘረመል ማስረጃ ጠቅሶ ኮዴይን በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ እንዳይውል ከለከለ። የአንድ ሕዝብን ዘረመል ምክንያት አድርጎ የተለመደ መድኃኒትን ማገድ በዓለም ላይ ብዙ የማይታይ ውሳኔ ነው። ደግ አደረገ ወይ? እኔ ደግ አደረገ ባይ ነኝ፤ ሳላመነታ ግን አይደለም። ከመቶው ሰባ ያህሉ መድኃኒቱን ያለዚህ ሥጋት ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ሆኖም ማን ከሰባው፣ ማን ከሠላሳው እንደሆነ የሚለይ ምርመራ በየጤና ጣቢያው በሌለበት፣ ሌላ ማስታገሻም እያለ፣ ሁሉን ከመደርደሪያ ማንሣት ይቀላል። በዚህ ውሳኔ ማንም አልተገለለም፤ ማንም ሳያገባ አልቀረም። በሀና ማርያም መንገድ ዳር ባሉት ፋርማሲዎች የሚያልፍ ሰው እንዲህ ያለ ውሳኔ መኖሩን ላያውቅ ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ይደርሰዋል።

የምቆጭበት ነገር አለ። ትራማዶልን ታውቁታላችሁ፤ ለወገብ፣ ለቀዶ ሕክምና ቁስል ይታዘዛል፤ ያለ ማዘዣ እየፈለጉ የሚውጡትም አሉ። ትራማዶልንም ወደ ኃይለኛው ቅርፁ የሚለውጠው ያው ሲ-ዋይ-ፒ-2-ዲ-6 ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንንም ትራማዶልንም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ኮዴይንን ያስከለከለን ማስረጃ ስለ ትራማዶልም እንድንጠይቅ ማድረግ ነበረበት። ሐኪም ያዘዘላችሁን ከመሬት ተነሥታችሁ አቋርጡ እያልሁ አይደለም። ለጎረቤት የታዘዘውን ክኒን ለልጃችሁ አትስጡ፤ ታማሚው ከልክ በላይ ካንቀላፋ ወይም ትንፋሹ ካጠረ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት ነው የምለው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀጥቃጭ ብዬ ነበር፤ ሳልጨርሰው ማለፍ አልፈልግም። በብዙ የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው “ዘራቸው ሌላ ነው” ሲባሉ ኖረዋል፤ ቡዳ እየተባሉ ከማዕድ ተለይተዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በአሪ ሕዝብ ዘንድም ቀጥቃጮች ከገበሬዎች ጋር አይጋቡም። ተመራማሪዎች የሁለቱን ዲኤንኤ ሲያዩ መጀመሪያ ላይ በእርግጥም ተለያይቶ ታያቸው። አንዳንዱም ቀጥቃጮቹ ከገበሬዎቹ በፊት የነበረ የሌላ ጥንታዊ ሕዝብ ቅሪት ይሆኑ እንዴ ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው፤ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ቀጥቃጮቹ ተለይተው የታዩት ስለተገለሉ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ማኅበረሰብ ለብዙ ትውልድ እርስ በርሱ ብቻ ሲጋባ ዲኤንኤው በራሱ መንገድ ይሄዳል። መገለሉ ልዩነቱን ፈጠረ፤ ከዚያ ልዩነቱ ለመገለሉ ምክንያት ተደርጎ ተቆጠረ። የመጀመሪያውን ጥናት ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው “ሳይንስም አረጋገጠልን” ይል ነበር።

በዲኤንኤ መቆጠር ሌላም ቦታ አለ፤ ሀና ማርያም ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም። የኤምባሲ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኛ ቤተሰቦችን የማገናኘት ፕሮግራሙን በዲኤንኤ መፈተን ጀመረ። የተጀመረው ናይሮቢ ላይ ሲሆን ቀጥሎ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተካሄደ። በብዙዎቹ ማመልከቻዎች ላይ የተነገረው ዝምድና በሙሉ ሊረጋገጥ ስላልቻለ ፕሮግራሙ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገና ሲከፈት የወላጅና የልጅ ዝምድናን በዲኤንኤ ማሳየት ግዴታ ሆነ። ያጭበረበረ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ግን የሟች እህቷን ልጅ ጡት አጥብታ ያሳደገች ሴት “ልጄ ነው” ስትል አልዋሸችም። ጉዲፈቻን እንደ ወግ ለያዘ አገር ሰው፣ ጉንጭ በጥጥ ጠርጎ “ልጅሽ አይደለም” ማለት ፈተናው የማያውቀውን ነገር መናገር ነው። ምርመራው ሥጋን ይለካል፤ ማን እንዳሳደገ አይለካም፤ ያንን የሚያሳይ ወረቀት ደግሞ ስደት ላይ ያለ ሰው ከየት ያመጣል።

በመጨረሻ ስለ ናሙና። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ60 በላይ ከሆኑ ብሔረሰቦች የተውጣጡ ከ1,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ዲኤንኤ ተንትኗል፤ ወደፊትም ብዙ ይመጣል። መምጣቱ መልካም ነው። የዓለም የዘረመል ጥናት አብዛኛው የተሠራው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ በመሆኑ፣ የኮዴይኑን ዓይነት ነገር የሚያገኝልን የራሳችን ናሙና ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ደም ወይም ምራቅ ስጡ ልትባሉ ትችላላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የዘረመል መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን ወረቀት ነው።

ስለዚህ ጠይቁ። ናሙናው እዚህ ይቀራል ወይስ ከአገር ይወጣል? ከወጣስ ማን እጅ ይገባል፣ ስንት ዓመት ይቀመጣል? ዛሬ ለስኳር በሽታ የሰጠሁት ነገ ስለ ብሔረሰብ ለሚደረግ ጥናት ይውላል ወይ? ውጤቱን እኔ እሰማለሁ? ሐሳቤን ብለውጥ ይጣልልኛል? አንድ ነገር ደግሞ አስቡ፦ ዲኤንኤያችሁን ስትሰጡ የወንድም እህታችሁንም ግማሽ ያህሉን እየሰጣችሁ ነው። እነሱ ግን አልፈረሙም፤ ቤት ገብቶ መመካከር ይገባል ማለት ነው። የስምምነት ቅጹን አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል በሚያምነው ሰው ያስነብብ። አልሰጥም ማለት መብት ነው፤ አልሰጥም በማለቱ ሕክምና የሚከለከል ሰው ሊኖር አይገባም። ለጥያቄያችሁ መልስ የሌለው አጥኚ መልሱን ይዞ ሌላ ቀን ይምጣ።